መረብ ያልያዘ ሰው

በዋንዛ ጥግ መንደር ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ጸሎት አይደለም። ለዳኛው ባዶ እጅ ማሳየት ነው። ልጅ ያዘለች ሴት አንድ እጇን ብታነሣ ይበቃታል፤ ይህን ዳኛው ራሱ ከጊዜ ብዛት ተምሮታል። ጀሪካን የተሸከመ ጀሪካኑን መሬት ያስቀምጣል፣ እጁን ያሳያል፣ ከዚያ አንሥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ሽማግሌዎች ክንዳቸው እስኪዘረጋ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ዳኛው ይጠብቃቸዋል። ቸኩሎ አያውቅም።

ዳኛው በራሪ ነው። ስፋቱ የአንድ ሰው አልጋ ያህላል። በቢሮ ቋንቋ የሐይቅ ጥበቃ ድሮን ይባላል፤ ዳኛ ያለው ሕዝቡ ነው። በአባቶቻቸው ጊዜ የነበረው ድሮን ዓይን ይባል ነበር። ዓይን ያየውን ሁሉ ወደ ከተማ ይልካል፤ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ ይመለከታል። ሰውየው ምሳ ይወጣ ነበር። ለሰው ያዝን ነበር። ዘመድ ካለው ይለመን ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ማየቱንም መፍረዱንም ለብቻው የያዘ ነው። ፍርዱ እዚያው ሆዱ ውስጥ ያልቃል። ማንንም አይጠይቅም፤ ማንም አይደውልለትም።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዙ አፍ ስለሚወጣ መረብ መጣል ክልክል ነው። ዳኛው መረብ ካየ መጀመሪያ ይናገራል፣ ቀጥሎ ይቆርጣል። ዓሣው በዝቷል፤ ይህን ማንም አይክድም። የከፋው ዳኛው መረብ የሚለው ነገር መብዛቱ ነው። የትምህርት ቤቱን የመረብ ኳስ መረብ ቆርጧል። የሽንኩርት ከረጢት ቆርጧል። ከማዶ በታንኳ የመጣች ሙሽራ ቬሎዋን በጭንቅላቷ ላይ እንዳለ ቆርጦባታል፤ ፀጉሯን አልነካም፣ በጣም ጠንቃቃ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሽሮች ቬሏቸውን በፌስታል ቋጥረው ይሻገራሉ፤ ከባሕሩ ርቀው ነው የሚለብሱት። ሰዉ ለምዶታል።

በነሐሴ ወር አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ደሳለው የሚባል የዋንዛ ጥግ ዓሣ አጥማጅ መረብ ይዞ ወጣ። ሚስቱ ጥሩዓለም አትሂድ ብላው ነበር። ጭጋግ ስለሆነ አያየኝም አላት። ዳኛው በጭጋግም ያያል። ከባሕሩ ዳር ልብስ ታጥብ የነበረች አንዲት ሴት ድምፁን ሰምታለች፦ «መረብዎን ከውሃ ያውጡ። ወቅቱ የዓሣ መራቢያ ነው። እናመሰግናለን።» ሁለት ጊዜ ተናገረ። ከዚያ መረቡ በጋለ ሽቦ ሲቆረጥ የሚሰማውን «ጢስ» የሚል ድምፅ ሰማች። የሰው ጩኸት አንድ ጊዜ ብቻ ሰማች። ጭጋጉ ሲገፈፍ ታንኳው ተገልብጦ ይንሳፈፋል። የተቆረጠው መረብ እግሩን ጠምጥሞ ይዞት ወርዷል ሲሉ ሰዎች ገመቱ። ሌላ ምን ይሆናል?

በዋንዛ ጥግ የሰጠመ ሰው የሚፈለገው በመረብ ነው። ከየቤቱ መረብ ይወጣል። መረቦቹ ጫፍ ለጫፍ ይታሰራሉ፤ ታንኳዎቹ ክብ ሠርተው ይጎትቱታል። ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ ያን ቀን መረባቸውን ያያይዛሉ። አስከሬኑ እስኪገኝ ድረስ ለቅሶ አይወጣም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ፍትሐት የለም። የሞተው ሞተ አይባልም። «ውሃ ላይ ነው» ነው የሚባለው። ሚስቱ ወደ ሐይቁ ዞራ ትቀመጣለች፤ ሌሎች ሴቶች አጠገቧ ይቀመጣሉ።

በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ወጣ። የታንኳ ሣሩ ደንገል ከጠፋ ወዲህ ታንኳ የሚሠራው ከፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ቅርጹ ግን የድሮው ነው። የደሳለው ታላቅ ወንድም አንዳርጌ ከፊት ነበር። ከኋላው ጎረቤቱ ዘለቀ ይቀዝፋል። መረቡን ክብ አድርገው መጎተት ሲጀምሩ ዳኛው መጣ። ብቻውን አልነበረም፤ ከሌላው ዳር ሌሎች ሁለት ተከትለውታል። እንዲህ ያለ ትልቅ መረብ አይተው አያውቁም።

«መረብዎን ከውሃ ያውጡ» አለ። የሴት ድምፅ ነው፤ ለስለስ ያለ።

«ዓሣ አይደለም!» ብሎ ጮኸ ዘለቀ። «ሰው ነው የምንፈልገው! ሰው! አይገባህም? ሰው!»

«ወቅቱ የዓሣ መራቢያ ነው።»

«የእናትህ መራቢያ!»

«እናመሰግናለን» አለ ዳኛው፤ ዝቅ ብሎም የላይኛውን ገመድ በጋለ ሽቦ መቁረጥ ጀመረ። ከአንዱ ታንኳ ወደ ሌላው እየዞረ፣ በመልክ በመልኩ፣ ማንንም ሳይነካ ቆረጠ። መረቡ ሰጠመ። የመንደሩ መረብ ሁሉ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዳርጌና ጥሩዓለም ወደ ሐይቅ ጥበቃ ቢሮው ሄዱ። ቢሮው አንድ ክፍል ነው፤ ውስጡ ኤልያብ የሚባል ወጣት ብቻ አለ። የተሰበረ የድሮን ክንፍ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በብሩሽ ያጸዳ ነበር። አንዳርጌን ሲያይ ብድግ አለ። አባቱ ከአንዳርጌ ጋር ዓሣ ያጠመደ ሰው ነው።

«ሰምቻለሁ ጋሼ» አለ። «እግዜር ያጽናችሁ።»

«ገና ነው» አለች ጥሩዓለም። «ውሃ ላይ ነው።»

ኤልያብ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ እትዬ። ውሃ ላይ ነው።»

«አንድ ቀን አስቁምልን» አለ አንዳርጌ። «አንድ ቀን ካልሆነ እስከ ምሳ። ወንድሜን አውጥቼ ልቅበረውና ከዚያ ቢፈልግ እኔን ይቁረጠኝ።»

«ማስቆሚያ የለውም።»

«እንዴት ማስቆሚያ የሌለው ነገር ይሠራል? በሬ እንኳ ማስቆሚያ አለው።»

«ድሮ ነበረው ጋሼ። ዓሣው ያለቀው ሰው እየደወለ ሲያስቆመው ነው ተባለና ተነሣ።»

«እሺ፣ ንገረው። ልጄ፣ አንተ አዋቂ ነህ፣ በሚገባው ቋንቋ ንገረው።»

«የሚገባው ያየው ነው። መረብ ካየ መረብ ነው። ለምን እንደያዝከው አይታየውም።»

ጥሩዓለም ክንፉን ተመለከተች። «ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ኤልያብ ብሩሹን አስቀመጠ። «ክንፉ ሲሰበር እቀይራለሁ» አለ። ክንፉን ወደ ጎን አድርጎ ደግሞ፣ «ሰው ፍለጋ የሚባል ነገር እንዲማር ዛሬ ጠይቄያለሁ። ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚማሩት፤ ወቅቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት» አለ።

«በጥቅምት» አለች ጥሩዓለም።

ሲወጡ ኤልያብ እስከ በሩ ሸኛቸው፤ በሩ ላይ ዳኛው በላያቸው ሲያልፍ ሦስቱም ሳያስቡት እጃቸውን አነሡ።

ሐሳቡን ያመጣው ዘለቀ ነው። ዳኛው የማይነካው አንድ ነገር አለ። ታቦት በታንኳ ወደ ደሴቱ ገዳም ሲሻገር፣ ጥላ ተዘርግቶ፣ ከበሮ እየተመታ፣ ዳኛው ይሸሻል፤ እንዲያውም መንገድ ያስለቅቃል። ከብዙ ዓመት በፊት ከካህናቱ ጋር ትልቅ ጠብ ተነሥቶ ስለነበር ያን ጊዜ እንዲማር ተደርጓል።

አንዳርጌና ዘለቀ ወደ ቄስ ፈንቴ ቤት ሄዱ። ቄሱ ጨርሰው ካዳመጧቸው በኋላ፣ «ያለ ታቦት ጥላ ዘርግቼ ልሂድ?» አሉ። «ይህ እኮ ቧልት ነው።»

«ሙት ፍለጋ ነው አባታችን።»

«ሙት ፍለጋ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ እግዜርም ያውቃል። የምታታልሉት ማንን ነው?»

«ማሽኑን» አለ ዘለቀ። «ማሽን ማታለል ኃጢአት ነው እንዴ?»

ቄስ ፈንቴ ፂማቸውን አሻሹ። ደሳለውን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። «እኔ ታቦት ይዣለሁ አልልም» አሉ በመጨረሻ። «ጥላ እዘረጋለሁ፣ እዘምራለሁ። ጥላ ለፀሐይም ይዘረጋል። እሱ ታቦት ነው ብሎ ካሰበ የራሱ ጉዳይ ነው።»

«ንስሐ ይግባ» አለ ዘለቀ።

«ዝም በል አንተ። ከበሮ ትችላለህ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

ዓርብ ወጡ። የሰጠመ ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ላይ ይነሣል ይላሉ የሐይቁ ሰዎች፤ ከዚያ ነፋሱ ውሃውን ወደሸፈነው የእምቦጭ አረም ይገፋዋል፣ እምቦጩ ከተዘጋበት ደግሞ ማንም አያገኘውም። አያቶቻቸው በእጃቸው ሲነቅሉት የኖሩት እምቦጭ አሁን ከሐይቁ ጋር ይራመዳል፤ ጠዋት እዚህ የነበረው ማታ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ሌላ ቀን አልነበራቸውም። መረብ አልያዙም፤ ጫፉ የታጠፈ ረጅም እንጨት ብቻ በታንኳው ወለል ላይ አጋደሙ። ደሳለው ግን የሚወጣው ከጠመጠመው መረብ ጋር ነው፤ ዳኛው ያን ካየ ይቆርጠዋል። ቄስ ፈንቴ መሐል ቆመው ቀዩን ጥላ ዘረጉ። ዘለቀ ከበሮውን በአንገቱ አጠለቀ። አንዳርጌ ቀዘፈ። ጥሩዓለም ከሴቶቹ ጋር ዳር ቀረች።

ዳኛው መጣ። በላያቸው ዞረ። ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ዘለቀ ከበሮውን በሚችለው መጠን መታ። በዳኛው ሆድ ላይ ያለው ቀይ መብራት አረንጓዴ ሆነ።

«መልካም በዓል» አለ። ከፍ ብሎ ከፊታቸው መብረር ጀመረ።

ዘለቀ ሣቁን መቆጣጠር አቃተው። «አንተ! መልካም በዓል አለን እኮ!»

«ምታ» አሉት ቄሱ በዝማሬው መሐል።

ጥሩ መንገድ ሄዱ። ዳኛው ከፊት ሆኖ ተንሳፋፊውን እምቦጭ በክንፎቹ ነፋስ ይከፍትላቸዋል። የወንዙ አፍ አጠገብ ሲደርሱ አንዳርጌ በስተቀኝ ቢጫ ነገር አየ። የዘይት ጠርሙስ ነው። ደሳለው የመረቡን ተንሳፋፊ የሚሠራው ከቢጫ የዘይት ጠርሙስ ነበር። ሌላ ሰው ቡሽ ነው የሚጠቀመው። ሦስት ጠርሙስ እምቦጩ ጫፍ ላይ ተጠጋግቶ ቆሟል። ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል።

«እዚያ ነው» አለ አንዳርጌ። የታንኳውን አፍንጫ ወደ ቀኝ አዞረ።

ዳኛው ተመለሰ። «መንገድዎ በዚህ በኩል ነው» አለ። ዝቅ ብሎ የታንኳውን ጫፍ በነፋሱ ገፋው። የፕላስቲክ ታንኳ ቀላል ነው፤ ወዲያው ዞረ።

አንዳርጌ እንደገና ወደ ቀኝ ቀዘፈ። እንደገና ተገፋ። በሦስተኛው ጊዜ ሁለቱ ሌሎች ዳኞች መጡና በስተቀኝ በኩል ተሰልፈው ቆሙ። ለታቦት አጀብ ነው። በዓሉ ወደ ገዳሙ እንጂ ወደ እምቦጭ እንደማይሄድ ያውቃሉ፤ ከዓመት ዓመት አይተውታል።

«አባታችን፣ ዝማሬውን ያቁሙት» አለ አንዳርጌ።

«ካቆምኩ ቀዩን መብራት ያበራል።»

«ካላቆሙ ገዳም ያደርሰናል!»

ቄስ ፈንቴ አላቆሙም። ምን ማድረግ እንዳለባቸው አላወቁም፤ ከንፈራቸው የለመደውን ያንኑ ይላል። ዘለቀም መምታቱን አልተወም፤ እንባው እየወረደ ይመታል። ጠርሙሶቹ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ቀሩ። ታንኳው በአረንጓዴ መብራት ታጅቦ ወደ ደሴቱ ይሄዳል።

አንዳርጌ መቅዘፊያውን ጣለ። ጋቢውን አወለቀና ውሃ ውስጥ ገባ።

ዘለቀ ስሙን ሲጠራ ሰማ፤ ዞር አላለም። ዋና ይችላል፣ ግን ከሃምሳ ዓመቱ አልፏል፣ ውሃው ደግሞ በክረምት ይቀዘቅዛል። የእምቦጩ ሥር እግሩን ይይዘዋል። ይነቅለዋል፣ እንደገና ይይዘዋል። አንድ ጊዜ ጭቃማ ውሃ ዋጠ። ጠርሙሱን ነካው። ከጠርሙሱ ወደ ታች የሚወርደውን ገመድ ያዘና ሳበው። ከባድ ነው። እንደገና ሳበው፤ ከታች ያለው ነገር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ላይ መጣ። ዓሣ አይደለም። ዓሣ ይታገላል። ይህ ዝም ብሎ ይመጣል።

«ደስ» አለ አንዳርጌ። ወንድሙን በልጅነቱ እንዲህ ነበር የሚጠራው። «ደስ፣ መጣሁ።»

ያን ጊዜ ከላዩ ነፋስ መጣ። ብርቱካናማ ነገር ከራሱ በላይ ወደቀ፤ ውሃውን ሲነካ ተነፋና በብብቱ ሥር ገብቶ አቀፈው።

«አይዞዎት» አለ ዳኛው። ድምፁ ያው የሴትዮዋ ነው፣ ግን ከወትሮው የቀረበ፣ የሚያባብል። «አግኝተንዎታል። ይተንፍሱ።»

አንዳርጌ አልገባውም። ዳኛው ሰው ሲያወጣ አይቶ አያውቅም፤ በዋንዛ ጥግ ማንም አላየም። እዚያ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ መረብ ይይዛል፣ ወይም ታንኳ ላይ ነው። አሁን እሱ መረብ የለውም። ታንኳ የለውም። ጋቢም የለውም። ሰው ብቻ ነው።

«ልቀቀኝ!» አለ። «ልቀቀኝ፣ ይዤዋለሁ! እታች ነው!»

«አይታገሉ። ኃይልዎን ይቆጥቡ።»

ገመዱን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ። ዳኛው ወደ ላይ ሳበው፤ አንዳርጌ ገመዱን አልለቀቀም፣ ከታች ያለው ክብደት አብሮ ተሳበ። ለአንድ አፍታ ነጭ ነገር ከውሃው በታች ታየው። ጨርቅ ይሁን ክንድ አልለየውም።

«ገመድ ተጠምጥሞብዎታል» አለ ዳኛው። «እንዳይፈሩ። እንቆርጠዋለን።»

«አይ! አይ፣ በማርያም፣ አይ...»

የጋለው ሽቦ ከእጁ ዝቅ ብሎ ገመዱን ነካው። «ጢስ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዳርጌን አንዲት ጣቱን እንኳ አላቃጠለውም። ክብደቱ ከእጁ ጠፋ፤ ነጩ ነገርም ወደ ታች ሄደ፣ ጠርሙሶቹ ተበታተኑ።

«አይዞዎት» አለ ዳኛው። «አበቃ።»

ወደ ዋንዛ ጥግ ይጎትተው ጀመር። ሌሎቹ ሁለቱም መጥተው በግራና በቀኝ ሆኑ፤ ነፋስ እንዳይመታው ከለሉት። ውሃ አፉ እንዳይገባ የተነፋው ነገር አገጩን ደገፈለት። ሐይቁ ላይ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የተደረገለት ሰው አልነበረም። አንዳርጌ አንድ ነገር ብቻ ያስብ ነበር፤ ማክሰኞ ማለዳ ይህ ነገር ከላይ ቆሞ ነበር። ደሳለው ሲጮህ ሰምቷል። ብርቱካናማውም ነገር ሆዱ ውስጥ ነበር።

ለመጮህ ሞከረ። ሲታገል ዳግመኛ ጭቃማ ውሃ ውጦ ስለነበር ድምፅ አልወጣውም።

ዳር የተቀመጡት ሴቶች መጀመሪያ ያዩት ሦስት መብራት አንድ ላይ ሲመጣ ነው። ከዚያ አንዷ ተነሣች። «ሰው ይዟል» አለች። «ሰው! ይዞ እየመጣ ነው!»

«ሞቶ ነው?»

«እንጃ... ኧረ አይደለም! ራሱ ከውሃ በላይ ነው! እጁን እያንቀሳቀሰ ነው!»

አንዳርጌና ደሳለው በዕድሜ ቢራራቁም በትከሻቸውና በአንገታቸው አንድ ናቸው። እናታቸው እንኳ ከሩቅ ትሳሳት ነበር።

ጥሩዓለም ከጠዋት ጀምሮ ከተቀመጠችበት ተነሣች። እግሯ ደንዝዞ ስለነበር መጀመሪያ ተደናቀፈች፤ ሴቶቹ ሊይዟት ሲሉ ገፋቻቸው። ነጠላዋ ወደቀ። ወደ ውሃው እየሮጠች ነው።

አንዳርጌ አያት። ፊቱን ሊሸሽግ ራሱን ወደ ውሃው ደፋ። ዳኛው መልሶ ቀና አደረገው።

«ደርሰናል» አለው። «ቤተሰብዎ እየመጡ ነው።»

«ደሳለው!» አለች። «ደሳለው! ደሳለው!»

ውሃው ጉልበቷ ላይ ሲደርስም አልቆመችም።